ጥያቄና መልስ፦ ፕሌትሌትና የስኳር ቁጥጥር

ጥያቄ፦ የስኳር ታካሚ ነኝ። ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ውጤቴ ላይ ፕሌትሌት 265፣ ኤምፒቪ 12.1 ይላል፤ ኤምፒቪው ላይ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት አለ። ስኳሬ ጨምሮ ይሆን?

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይታወቅም። ፕሌትሌት ደም የሚያረጉ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት ናቸው፤ 265 ማለት በማይክሮሊትር 265,000 ነው፤ ከ150,000 እስከ 450,000 ባለው ውስጥ ስለሆነ ደህና ነው። ኤምፒቪ ደግሞ የፕሌትሌቶቹ አማካይ ግዝፈት ነው፣ በፌምቶሊትር ይለካል። ስኳራቸው ባልተስተካከለ ሰዎች ላይ በአማካይ ከፍ ብሎ ቢታይም የብዙዎቹ ቁጥር ስኳራቸው ከተስተካከለው ጋር ይቀላቀላል። ስለ ስኳርዎ ኤችቢኤዋንሲን (ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይጠይቁ፤ 7 በመቶ ከሆነ አማካይ ስኳርዎ ወደ 154 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው።

ጥያቄ፦ ግዝፈቱ ለምን ያሳስባል ታዲያ?

መልስ፦ ገዘፍ ያሉት በአብዛኛው ከመቅኒ በቅርቡ የወጡ ናቸው፤ ቶሎ ይጣበቃሉ፣ ደም ማርጋትም ይቀናቸዋል። ፕሌትሌት ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ስለሚኖር፣ መቅኒው አዲስ ማውጣት ሲያፋጥን አማካዩ ከፍ ይላል።

ጥያቄ፦ በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ተመርምሬ ኤምፒቪዬን አንዱ 10.2፣ ሌላው 11.4 አለኝ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ቲዩብ ውስጥ ያለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ፕሌትሌቱን ከጠፍጣፋ ሳህን ወደ ድቡልቡል ኳስ ይለውጠዋል። በኤሌክትሪክ የሚቆጥር ማሽን ይህን እብጠት እንደ ግዝፈት ይመዘግባል፤ ብዙው እብጠት የሚታየው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። በብርሃን የሚለኩ ማሽኖች ላይ ሌላ ቁጥር ይመጣል። ስለዚህ ደሙ ስንት ሰዓት ተቀዳ፣ ስንት ሰዓት ማሽን ገባ ብለው ይጠይቁ። ለማነጻጸር ከፈለጉ እዚያው ማሽን ላይ፣ ከተቀዳ በተመሳሳይ ደቂቃ ይሁን። ይህ ሳይታወቅ የ1 ፌምቶሊትር ልዩነት ላይ መጨነቅ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። የአንድ የስኳር ታካሚ ፕሌትሌት 62,000 ወጣ፤ የመድማት ምልክት የለውም።

መልስ፦ መጀመሪያ ቲዩቡ ውስጥ የረጋ ደም ካለ እይ፤ ካለ ናሙናው ይጣልና እንደገና ይቀዳ። ከሌለ ስላይድ ሠርተህ የቅቡን ጫፍ ተመልከት፤ ፕሌትሌቶች የሚከማቹት እዚያ ነው። ተጣብቀው ካገኘሃቸው ቆጠራው በሐሰት አንሶ ሊሆን ስለሚችል፣ በሰማያዊ ክዳን የሲትሬት (ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ) ቲዩብ እስከ መስመሩ ሞልተህ ቅዳ፣ የወጣውን ቆጠራ በ1.1 አባዛ። ካልሞላ ማባዣው አይሠራም። የዚያን ናሙና ኤምፒቪ አትላክ።

ጥያቄ፦ አስፒሪን ኤምፒቪን ያወርዳል?

መልስ፦ አያወርድም። መጣበቁን እንጂ ግዝፈቱን አይነካም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጀመር፤ ያደማል።

ጥያቄ፦ ኤችቢኤዋንሲዬ 7.9 ሆነ፣ ቤት የምለካው ግን ጥሩ ነው። ፕሌትሌቴም 480 ደርሷል።

መልስ፦ ሄሞግሎቢንዎንና ኤምሲቪዎን (የቀይ ሕዋሳት አማካይ ግዝፈት) ይመልከቱ። የብረት እጥረት ኤችቢኤዋንሲንም ፕሌትሌትንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በጣም ያነሱ ቀይ ሕዋሳትንም ማሽኑ ፕሌትሌት ብሎ ሊቆጥራቸው ይችላል። ፌሪቲን (በሰውነት የተከማቸ ብረት ምርመራ) ይሠራልዎት፤ ሐኪምዎ ይህን ሳያይ የስኳር መድኃኒቱን መጠን ባይጨምር ይሻላል።