ልቤ ቀዝቅዞ መጸለይ ግብዝነት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባለፈው ዓመት እናቴን ቀበርኩ። ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ተቀነስኩ። ዳዊት እደግማለሁ፤ ግን የሚንቀሳቀሰው አፌ ብቻ ነው፣ ልቤ ምንም አይሰማውም። አንዲት ጓደኛዬ «ተስፋ መቁረጥ እኮ ኃጢአት ነው፣ እምነት ቢኖርሽ እንዲህ አትሆኚም ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ያሳፍረኛል። በዚህ ሁኔታ መጸለይ ግብዝነት አይሆንብኝም? ተስፋዬ እንዲመለስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽንም ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍልሽ።

ግብዝነት አይደለም። ግብዝ ማለት ሰው እንዲያየው ብሎ የሚጸልይ ነው። አንቺ ማንም በማያይሽ ሰዓት፣ ምንም ሳይሰማሽ ዳዊቱን ትገልጫለሽ። እኔ ይህን እምነት ነው የምለው። ሲጣፍጥማ ሁሉም ይጸልያል።

ዳዊት እንደምትደግሚ ስለነገርሽኝ ከዚያው ልነሣ። መዝሙረ ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ሲደገም፣ ሐሙስ የምንደግመው ከ81ኛው እስከ 110ኛው መዝሙር ያለውን እንደሆነ ታውቂያለሽ። 87ኛውን (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 88 ተብሎ የተቆጠረውን) ቀስ ብለሽ አንብቢው። ብዙዎቹ የኀዘን መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይሄኛው አይዞርም። ሰውየው ቀንና ሌሊት እጮኻለሁ ይላል፣ ለምን ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ ይላል፣ ወዳጆቼን አራቅህብኝ ብሎ ያበቃል። መጽናኛ የለውም። ቤተ ክርስቲያን ግን አልዘለለችውም፤ ሠርግ ያለበትም፣ ሹመት ያገኘውም፣ ሐሙስ ዳዊት የሚደግም ሁሉ እንዲያነበው አድርጋ ሰጥታዋለች። ስለዚህ አንቺ ዝም ባልሽበት ሐሙስ እንኳ ያንቺን ጩኸት የሚጮኽልሽ ሰው አለ። እሑድ ደግሞ ጸሎተ ነቢያት ይደረሳል፣ ከእነርሱ አንዱ የእንባቆም ነው። በለስ ባታፈራም፣ በወይኑ ሐረግ ፍሬ ባይገኝም፣ በጎቹ ከበረት ቢጠፉም እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ይላል። ደስታው ባይሰማሽም አንብቢው። ሐሙስ ሌሎች ያንቺን ኀዘን እንደተሸከሙት፣ እሑድ ደግሞ አንቺ የእነርሱን ተስፋ ይዘሽ ትቆሚያለሽ።

አሁን ወደ ሉቃስ ምዕራፍ 24 ልውሰድሽ፤ ለጥያቄሽ ከዚህ የቀረበ ክፍል አላውቅም። ጌታ በተነሣበት ቀን ሁለት ደቀ መዛሙርት ከኢየሩሳሌም ወደ ኤማሁስ ይሄዳሉ። እርሱ ራሱ ቀርቦ አብሯቸው ይሄዳል፣ እነርሱ ግን አላወቁትም። ምን እንደሚሉት ተመልከቺ፦ እስራኤልን የሚቤዠው እርሱ እንደሆነ «ተስፋ አድርገን ነበር»። ነበር! ያለቀ የመሰላቸውን ነገር የሚነግሩት ከሞት ለተነሣው ለራሱ ነው። ሴቶቹ ማለዳ መቃብሩ ባዶ ነው እንዳሉም ያውቃሉ፣ ወሬውን ራሳቸው ይተርኩለታል፤ ግን ልባቸው ውስጥ አልገባም። አየሽ፣ ወሬውን ማወቅና ተስፋ ማድረግ አንድ አይደሉም። አንቺም ትምህርቱን ስላላወቅሽ አይደለም የቀዘቀዝሽው።

እርሱስ ምን አደረገ? ገሠጻቸው፣ ይህን አልደብቅሽም። ግን ትቷቸው አልሄደም። ከሙሴና ከነቢያት ጀምሮ መጻሕፍትን እየተረጎመ ረጅሙን መንገድ አብሯቸው ተጓዘ። ከዚያ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ኅብስቱን ባርኮ ሲቆርስ ዓይናቸው ተከፈተ። በመንገድ መጻሕፍትን ሲከፍትልን ልባችን ይቃጠል አልነበረምን ያሉትም ከዚያ በኋላ ነው። እየሰሙት ሳሉ ምን እየሆነ እንደሆነ አላስተዋሉም። እኔ ስንቱን ምእመን እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ፤ ለወራት «ምንም አይሰማኝም» እያለ ሲያነብና ሲያስቀድስ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ዞር ብሎ ሲያይ ያ ሁሉ ንባብ ይዞት እንደቆየ ይገባዋል።

ጓደኛሽ ክፉ አስባ እንዳልተናገረች አምናለሁ፤ ግን ያለችው ልክ አይደለም። አባቶች ተስፋ መቁረጥን ኃጢአት ሲሉ፣ እግዚአብሔር ይቅር ሊለኝ አይችልም ብሎ በሩን ከውስጥ መዝጋትን ነው። ጴጥሮስም ይሁዳም ጌታን በድለዋል፤ ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አልቅሶ ተመለሰ፣ ይሁዳ አልተመለሰም። ያዘነና የደከመ ሰው ግን ሌላ ነው። ኤልያስ ያን ያህል ታላቅ ነቢይ ሆኖ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሏል። እግዚአብሔር በመጀመሪያ ስብከት አላከለትም። እንጎቻና ውኃ ላከለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፦ መንገዱ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ። እባክሽ አንቺም በደንብ ብዪ፣ በጊዜ ተኚ። ጾሙም ከበደኝ የምትዪ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ እሳቸው የሚሉሽን አድርጊ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልናገር። እንቅልፍ ካጣሽ፣ መብላት ካቃተሽ፣ ወይም መሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ነገ ዛሬ ሳትዪ ለቅርብ ሰው ተናገሪ፣ ሐኪም ዘንድም ሂጂ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት መጣል አለበት የሚሉሽን አትስሚ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እርሱ እንደሆነ ይነግረናል፤ አስተዋይ ሰውም አይንቀውም ይላል።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ለጊዜው ብዙ አትያዢ። የዕለቱን ዳዊት ሁሉ መጨረስ ካቃተሽ አንዱን መዝሙር በእርጋታ ድገሚ፤ ከዚያ ከሉቃስ ጥቂት ቁጥሮች። ሮሜ ምዕራፍ 5ንም አንብቢ፤ ጳውሎስ መከራ ትዕግሥትን፣ ትዕግሥት ፈተናን፣ ፈተና ተስፋን ያደርጋል ይላል። ተስፋ መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። አንቺ መጀመሪያ ላይ ፈልገሽ ስላጣሽው ነው የደነገጥሽው። በዚህ ወር ሥራ ታገኛለሽ፣ በዚህ ሳምንት ተአምር ይሆናል እያሉ ቀን ቆርጠው ተስፋ የሚሰጡሽንም ተያቸው። የጌታ ተስፋ ቀጠሮ ሲያልፍ የሚያልፍ አይደለም። ሥራሽን ግን ፈልጊ፣ እኛም እንጸልያለን።

ቅዳሴ አትቅሪ። ማፈር የለብሽም፤ ኋላ ቆመሽም ቢሆን አስቀድሺ። እምነታችንን የምንመሰክርበት ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150ው ሊቃውንት ያጸኑትን ቃል ከሕዝቡ ጋር ትያለሽ፦ ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን፣ የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን። ያን ቀን ድምፅሽ ባይወጣ ከጎንሽ ያሉት እናቶች ይሉልሻል። እናትሽም በዚሁ ተስፋ ነው ያረፉት። ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋግረሽ፣ ንስሐ ገብተሽ ወደ ቅዱስ ቁርባኑ ቅረቢ፤ የኤማሁስ መንገደኞች ዓይን የተከፈተው እዚያ ማዕድ ላይ ነውና።

የእናትሽን የክርስትና ስም ላኪልኝ፣ በጸሎት እናስባቸዋለን። ያንቺንም ጨምሪበት።