የእህቴ ልጅ ኳርተርባክ ሆኗል፤ እንጀራ ይሆነዋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል። ኳርተርባክ ነኝ ይላል፣ ዲቪዚዮን 3። እናቱን የትምህርት ክፍያው አስጨንቋታል። ስፖርቱ አይከፍልለትም? ወደፊትስ እንጀራ ይሆነዋል?
አክስቱ

መልስ፦ እህቴ፣ ከክፍያው ልጀምር። የዲቪዚዮን 3 (በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛው ደረጃ) ኮሌጆች ለስፖርት ብለው ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ ደንቡ ይከለክላል። በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ ገቢ የሚሰጥ እርዳታ ግን አለ። እናቱ ሳትውል ሳታድር የኮሌጁን የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ትጠይቅ።

ኳርተርባክ ማለት ኳሱን ተቀብሎ ለጓደኞቹ የሚወረውር፣ የቡድኑን ማጥቃት የሚመራ ተጫዋች ነው፤ ልጁ የያዘው ቦታ ቀላል አይደለም። ኳሱ እጁ ሲገባ ግዙፍ ተከላካዮች እየሮጡ ይመጡበታል። ማን ነፃ እንደሆነ አይቶ ለመወርወር ያለው ጊዜ ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። እኔ ይህን ለማየት ስል የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ተነስቼ አያለሁ፤ በጣም እወደዋለሁ።

እንጀራ መሆኑ ግን ይከብዳል። በኤንኤፍኤል፣ ማለትም በአሜሪካ ዋናው የፕሮፌሽናል ሊግ፣ ያሉት ቡድኖች 32 ብቻ ናቸው። ታዋቂውን ኳርተርባክ ከርት ዋርነርን ተመልከቺ። ከዲቪዚዮን 3 ከፍ ካለ ኮሌጅ ወጥቶ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1994 የመረጠው የኤንኤፍኤል ቡድን አልነበረም። ሌሊት ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ይደረድር ነበር። በአዳራሽ ውስጥ በሚካሄድ ሊግ ተጫወተ፤ አምስተርዳም ድረስም ሄደ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ከራምስ ቡድን ጋር ሆኖ ሱፐር ቦውልን በላ። እንዲህ ያለ ዕድል የሚገጥመው ጥቂቱን ነው፤ ስለዚህ ዲግሪውን አጥብቆ ይያዝ።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂልኝ፦ ጭንቅላቱን ተመትቶ ያውቃል? ከተመታ በኋላ ማዞር ወይም ራስ ምታት ካለው፣ ሐኪም ሳያየው ወደ ሜዳ እንዳይመለስ።