ግቢ ውስጥ ባዶ መሬት አለን፣ ውጪ ወጥቼ ላስተምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍሉ ሰዎች። ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ 3ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ከክፍላችን ጀርባ ባዶ መሬትና አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። አካባቢ ሳይንስና ሒሳብን እዛ ወጥቼ ማስተማር፣ የጓሮ አትክልትም መጀመር እፈልጋለሁ ግን አንዳንድ ወላጆች «ልጄን ለትምህርት እንጂ ለቁፋሮ አልላኩም» ይላሉ፣ ሙቀቱና ውሃው ደሞ እንደምታውቁት ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሰላም የሳቢያኗ መምህርት። አቦ ያ ኒም ካለልሽማ ግማሹ ስራ አልቋል፣ ድሬ ላይ ውጪ ለማስተማር መጀመሪያ ጥላ ነው የሚያስፈልገው። ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ክፍለ ጊዜዎች ተጠቀሚ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ክፍሉን በሙሉ አታስወጪ።

ከአትክልቱ ግን አትጀምሪ። መደብ ይቆፈርና ችግኝ ተተክሎ ፎቶ ይነሳል፣ ከዛ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። መጀመሪያ እቅድሽ ላይ ያለውን ትምህርት ውጪ አውጪው። ለምሳሌ ልኬት ስታስተምሪ የ1 ሜትር ዱላ ቀጥ አድርገሽ ትከይና በየሰዓቱ ሁለት ሁለት ልጅ እየላክሽ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ያመልክቱ፣ ርዝመቱን በማስመሪያ ለክተው ደብተር ላይ ይጻፉ። ድሬ ላይ ፀሐይ በአመት 2 ጊዜ፣ ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 ገደማ፣ ልክ አናታችን ላይ ስለምትሆን ያን ሰሞን ከቀኑ 6 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል የዱላው ጥላ ይጠፋል፣ ከሚያዝያው በኋላ ደሞ የቀትሩ ጥላ ዞሮ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ይሄን በአይኑ ያየ ልጅ አቅጣጫን በቃሉ መሸምደድ አያስፈልገውም።

ወላጆቹን አልፈርድባቸውም፣ ልጃቸው ከቁፋሮ እንዲያመልጥ ነው ለፍተው የሚያስተምሩት። ክርክር ውስጥ አትግቢ፣ ደብተሩን በወላጅ ስብሰባ አሳያቸው። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ያረፈደን ወይም የረበሸን ልጅ ውሃ ቅዳ፣ አረም ንቀል ብለሽ እንዳትቀጪ፣ አንዴ ቅጣት ከሆነ በኋላ ማንም ልጅ አይወደውም፣ ወላጆቹም ልክ ነበርን ነው የሚሉት።

አትክልቱ ላይ ስትደርሺ ትልቅ እርሻ አያምርሽ። መዋዕለ ህፃናትን እ.ኤ.አ. በ1837 ጀርመን ውስጥ የጀመረው ፍሪድሪክ ፍሮብል ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ትንሽ መደብ ይሰጥ ነበር፣ የኔ ነው ያለውን ልጅ ሳይነገረው ያጠጣዋል። አንቺ በቡድን አድርጊው፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር ይበቃል፣ ዙሪያውንም ስፋቱንም እዛው ያሰሉታል። መደቡን ከፍ ሳይሆን ከመሬቱ ዝቅ አድርጊና አፈሩን በገለባ ሸፍኚ፣ ውሃው እንዳይሸሽ። በኛ ሙቀት 1 ካሬ ሜትር በቀን ወደ 5 ሊትር ይፈልጋል ብለሽ አስቢ፣ 6 መደብ ካለሽ 30 ሊትር ማለትም አንድ ጄሪካን ተኩል፣ እሱንም ልጆቹ ያስሉት። ቦይ ከእጅ መታጠቢያው ብትስቢ ይረዳል ግን ሳሙና ስላለው ለዛፉ ይሁን፣ በጥሬው ለሚበላ አትክልት አይሆንም።

ምን ልትከል ካልሽ ለማየት ቶሎ የሚበቅል ቦሎቄ፣ ለዘለቄታው ሙቀት የሚወድ ሽፈራው። ቆስጣ ከፈለግሽ ጥላው ጋ አድርጊው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ማን እንደሚጠብቀው ደሞ ከመትከልሽ በፊት ከጥበቃው ጋር ተነጋገሪ፣ አጥር ከሌለ ፍየል ሽፈራውንም አይምረውም።