የአንባቢዎች ጥያቄ፦ «ደ/ብርሃን» ብለን ስንፈልግ ባዶ ይመጣል

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች፣ ከደብረ ብርሃን ነው የምፅፈው። ከጓደኛዬ ጋር የመንዝ የሱፍ ስራ፣ በርኖስ ዝተት ባና ምናምን፣ የሚሸጡ ሰዎችን እቃ የሚዘረዝር ዌብሳይት እየሰራን ነው፣ ፍለጋው በሶልር (Solr፣ የፍለጋ ሰርቨር)፣ ስክሪፕቱ በፒኤችፒ (PHP)። በእንግሊዝኛ ስንፈልግ ሁሌ ይሰራል። በአማርኛ ግን «ባና» ስንል እቃው ትንሽ ስለሆነ ቆንጆ ይመጣል፣ «ዝተት» ስንል ዝርዝሩ ብዙ ነው እና «ከሰርቨሩ የመጣው ዳታ ትክክል አይደለም» የሚል እኛው የፃፍነው መልእክት ይወጣል። የሰርቨሩን መልስ (ጄሰን በሚባል የዳታ አፃፃፍ ነው የሚመጣው) የሚፈታው ጄሰን ዲኮድ ነል፣ ማለትም ባዶ፣ ነው የሚመልሰው፣ ስህተቱም ይቀያየራል፣ አንዴ ሲንታክስ (የአፃፃፍ ስህተት) ይላል አንዴ የተበላሸ ዩቲኤፍ 8 (ፊደላት በባይት የሚፃፉበት ኮድ) ይላል። «ደ/ብርሃን» ብሎ የፈለገ ሰው ደግሞ ያው መልእክት ይወጣለታል እንጂ ጭራሽ ምንም አያገኝም። ሶልርን ደጋግመን አራግፈን ጫንነው፣ ለውጥ የለም። ጓደኛዬ ሶልር አማርኛ አይችልም፣ በሌላ እንቀይረው እያለ ነው። የሶልርን አድራሻ የምንከፍተው በኤፍኦፕን (fopen) ነው፣ ከዛ ኤፍሪድ (fread) 8192 ብለን እናነባለን።

መልስ፦ ጓደኛህን ሰላም በልልን፣ ሶልር አማርኛ በደንብ ይችላል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው፣ ሶልር ደግሞ ዩቲኤፍ 8 ተቀብሎ በዩቲኤፍ 8 ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ማራገፉንና መጫኑን ተዉት።

ጥፋቱ ያለው ጥያቄህ ጫፍ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ባደረግካት ኤፍሪድ ላይ ነው። እስቲ የመጣውን ነገር ገና ዲኮድ ሳታደርገው እንዳለ ወደ ፋይል ፃፈውና መጨረሻውን ብቻ እየው። ሙሉ ጄሰን በመዝጊያ ቅንፍ ነው የሚያልቀው፣ ያንተ ግን «ከመሐል ሜዳ የመጣ ወፍራም ዝ» ብሎ እዛው ቁርጥ ያለ ወይ ደግሞ አንድ የማይነበብ ምልክት ጣል አድርጎ የቆመ ነገር ይሆናል። ያንኑ አድራሻ ብራውዘር ላይ ክፈተው፣ ሙሉውን ታየዋለህ። ሰርቨሩ ጨርሶ ልኳል፣ ግማሹን ያላነበበው ስክሪፕታችሁ ነው ማለት ነው።

ለምን አማርኛ ላይ ብቻ ትል ይሆናል። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው፣ የኛ አንድ ፊደል ሶስት ባይት ይይዛል። 8192 ባይት ውስጥ እንግሊዝኛ ስምንት ሺህ ምናምን ፊደል ይገባል፣ አማርኛ ግን ቢበዛ 2,730 ገደማ ነው፣ ያውም የጄሰኑን ቅንፍና ትእምርተ ጥቅስ ሳንቆጥር። የእንግሊዝኛውም ዝርዝር አንድ ቀን ሲረዝም ያው ነው የሚገጥመው፣ ገና አልደረሰም እንጂ። ስህተቱ የሚቀያየረውም ለዚሁ ነው፣ መቆረጡ የአንዱን ፊደል ሶስት ባይት መሀል ላይ ካረፈ የተበላሸ ዩቲኤፍ 8 ይልሃል፣ ሌላ ቦታ ካረፈ ሲንታክስ ወይ ሌላ ነገር ይልሃል።

ታዲያ 8192ን 80000 ላርገው እንዳትል! ኤፍሪድ ከኔትወርክ ሲያነብ የጠየቅከውን ያህል እስኪሞላ አይጠብቅም፣ የደረሰለትን ይዞ ይመለሳል፣ አንዴ ከተጠራ ብዙውን ጊዜ ከ8192 አያልፍም። ወይ እስኪያልቅ በሉፕ አንብብ፣ ወይ ሙሉውን የሚያነበውን ስትሪም ጌት ኮንቴንትስ (stream_get_contents) ተጠቀም፣ ከሁሉም ግን ሌላው የፒኤችፒ መንገድ ከርል (cURL) ይሻላል፣ ምክንያቱን አሁን ታየዋለህ።

የ«ደ/ብርሃን» ጉዳይ ሌላ በሽታ ነው፣ መልእክታችሁ ሁለቱንም በአንድ ስም ስለጠራቸው ነው አንድ የመሰለህ። ከሶልር 4 ጀምሮ ህዝባር (/) በዋናው የፍለጋ ቋንቋ የሬጉላር ኤክስፕሬሽን (ቃልን በቅርፁ የሚፈልግ ቀመር) መክፈቻ ነው፣ ሶልር «ደ»ን ያነብና ህዝባሯን ሲያይ መዝጊያዋን ይፈልጋል፣ ሲያጣ 400 (ጥያቄው ስህተት ነው የሚል የሁኔታ ቁጥር) ብሎ ይመልሳል። መልሱ ውስጥ ጥያቄውን ማንበብ እንዳቃተው በግልፅ ፅፏል እኮ፣ ግን ኤፍኦፕን 400 ሲያይ ፎልስ (አልተሳካም) ብቻ ይሰጥህና ፅሁፉን ይውጠዋል። ከርል ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው፣ የሁኔታ ቁጥሩንም ፅሁፉንም ታገኛለህ። ቁጥሩ 200 ካልሆነ ጄሰን ዲኮድ ጋ እንዳትደርስ፣ ፅሁፉን ሎግ ላይ ጣለው።

እኛ አገር ያለ ህዝባር የሚፅፍ የለም፣ ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ሁሉም አንተ ሰርች ላይ ይመጣል። ስለዚህ የተጠቃሚውን ፅሁፍ በሶልር ዋናው ፓርሰር (ጥያቄ አንባቢ) አታሳልፈው፣ ኢዲስማክስ (eDisMax) የሚባለውን ሌላውን ፓርሰር አድርገው፣ እሱ ያልገባውን ምልክት እንደ ተራ ፅሁፍ ይወስደዋል። ዋናው አይቅርብኝ ካልክ ህዝባሯ ፊት የግራ ህዝባር (\) ጨምር፣ ሁለት ነጥብም (:) ላይ እንደዛው። አድራሻው ላይ ስታስገባው ዩአርኤል ኢንኮድ ማድረግ (ፊደላቱን ለአድራሻ ወደሚሆን ኮድ መቀየር) አትርሳ።

መሐል ሜዳ፣ መሀል ሜዳ፣ መሃል ሜዳ ተብሎ ሲፃፍ አንዱ ተገኝቶ ሌላው ዜሮ ቢል ግን የዳታ ብልሽት አይደለም፣ ጄሰኑ ደህና ነው። እሱን ኢንዴክስ ሲደረግም (ሶልር እቃውን ለፍለጋ ሲመዘግብም) ሲፈለግም ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ በሚቀይር የማፒንግ ፋይል ነው የምትፈታው።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። የማሾና የሽንኩርት ዋጋ የምናሳይበት ገፅ አለን፣ ዳታው ማይኤስኪውኤል (MySQL፣ ዳታቤዝ) ላይ ነው፣ ፍለጋው በሶልር፣ ውጤት ያመጣል ግን ስሞቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ብቻ ናቸው። ሰርቨሩ ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ እህታችን፣ ሰርቨሩም የተሰጠውን ነው የመለሰልሽ። ማይኤስኪውኤል ላይ የስሙን ኮለም በሄክስ (በየባይቱ ኮድ) አውጥተሽ እዪው። 3ኤፍ 3ኤፍ 3ኤፍ (የጥያቄ ምልክት ኮድ ነው) እያለ ከሄደ ፊደሉ ሲመዘገብ ነው የጠፋው፣ ከዛ የሚመለስበት መንገድ የለም፣ ከዋናው መዝገብ እንደገና ይፃፋል። ኢ1 (የአማርኛ ፊደል ኮድ መጀመሪያ) እያለ የሚጀምር ከሆነ ግን ዳታው አለ፣ ወደ ሶልር የሚያወጣው ስክሪፕት ከዳታቤዙ ጋር ያለውን ግንኙነት አማርኛ በማይዘው በላቲን 1 ኮድ ከፍቶት ነው። ግንኙነቱን ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 (utf8mb4፣ የማይኤስኪውኤል ሙሉው ዩቲኤፍ 8) አድርጊውና ኢንዴክሱን አጥፍተሽ እንደ አዲስ ሙዪው፣ አሮጌው ውስጥ ያለው የጥያቄ ምልክት በራሱ አይስተካከልም።