የሚዘል ዓሣና የአኳሪየም ክዳን፦ መረብ ወይስ መስታወት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለ 75 ጋሎን የጨዋማ ውሃ አኳሪየም አለኝ፤ ኮራሎቹ ደህና ይዘዋል። በአንድ ወር ውስጥ ግን ሁለት ፋየርፊሾችን ጠዋት ወለል ላይ ደርቀው አገኘኋቸው። ገንዳው ክዳን የለውም። አንዱ ሻጭ መስታወት አድርግ ይለኛል፣ ሌላው መስታወት ኮራሉን ያፍነዋል ይላል። የቱን ልመን?

መልስ፦ መረብ ያድርጉ። ቀዳዳው 6 ሚሊሜትር (1/4 ኢንች) የሆነ፣ ቀለም የሌለው የፕላስቲክ መረብ በአሉሚኒየም ፍሬም ላይ ተወጥሮ። ፋየርፊሽ ሲደነግጥ ሽቅብ የሚተኮስ ዓሣ ነው። «ራስ» (wrasse) የሚባሉት ዓሦችም (ከመኳንንቱ ማዕረግ ጋር ዝምድና የላቸውም) እንዲሁ ናቸው። የሚዘሉት በአብዛኛው መብራት ድርግም ሲል፣ ሌላ ዓሣ ሲያሳድዳቸው፣ ወይም ገና በገቡ ሰሞን ነው። ጠዋት ወለል ላይ መገኘታቸውም ሌሊት ለመዝለላቸው ምልክት ነው። መብራቱ ቀስ እያለ እንዲደበዝዝ ቢያስተካክሉት ድንጋጤውን ይቀንሳል፤ ክዳንን ግን አይተካም።

«ያፍነዋል» የሚለው ተጋኗል። ከስር ሳምፕ (ውሃው ወርዶ የሚጣራበት ሁለተኛ ገንዳ) እና ስኪመር (ቆሻሻን በአየር አረፋ የሚያወጣ መሣሪያ) ካለዎት አብዛኛው የአየር ልውውጥ እዚያ ነው የሚካሄደው። የመስታወት ጣጣው ሌላ ነው፦ ከታች ጤዛ፣ ከዳር ጨው ይለብስና በየሁለት በየሦስት ቀኑ ካልተወለወለ ለኮራሉ የሚደርሰው ብርሃን ሳያውቁት ይቀንሳል። ሙቀትም ያምቃል። ጥቁሩ የመስኮት ወንፊትም ርካሽ ቢሆን አይሻልም፤ ዓይኑ ጠባብ ስለሆነ ብርሃን ይጋርዳል፣ በጨውም ቶሎ ይደፈናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የእርስዎ ገንዳ ከላይ ፕላስቲክ ጠርዝና መሐሉ ላይ ድልድይ ያለው ከሆነ አንድ ትልቅ ሳይሆን ሁለት ትንንሽ ክዳን ይሥሩ። ከጠርዙ ውስጥ ያለችውን እርከን ርዝመትና ወርድ በሁለቱም ጫፍ ይለኩ፤ እኩል ካልሆኑ ትንሹን ይውሰዱና 3 ሚሊሜትር ይቀንሱ። የመስኮት ወንፊት ፍሬም ሲገዙ የማዕዘን መያዣው ፕላስቲክ ይሁን፤ ብረት ከሆነ ይዝጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዘንጉን ሲቆርጥ ነው። መያዣው በየጫፉ 3/4 ኢንች የሚጨምር ዓይነት ከሆነ እያንዳንዱን ዘንግ ከሚፈለገው ልክ 1 1/2 ኢንች አሳጥረው በብረት መጋዝ ይቁረጡ፤ የተቆረጠውን ጫፍ በሞረድ ያለስልሱት።

መረቡን ከፍሬሙ በየጎኑ 3 ሴንቲሜትር አስተርፈው ይቁረጡ፣ በፕላስተር ያስይዙ፣ ከዚያ የጎማውን ገመድ በትንሿ ተሽከርካሪ መሣሪያ ቦዩ ውስጥ እየጫኑ ያስገቡ። ከመጠን በላይ አይወጥሩት፤ የዘንጉ ወገብ ወደ ውስጥ ይጎብጥና ጎንና ጎኑ ላይ ክፍተት ይፈጠራል። እንደ ከበሮ ባይነጥርም ግድ የለም፣ ካልረገበ ይበቃል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ዓሣው የሚያመልጠው በመረቡ ሳይሆን በክዳኑ ላይ በሚተወው ክፍተት ነው። ለቱቦና ለገመድ የሚከፍቱት ከቱቦው ብዙ የማይበልጥ ይሁን። ውሃው ወደ ሳምፕ የሚወርድበትን ሳጥንም ይሸፍኑ፤ ፋየርፊሽ በሳጥኑ አፍ ላይ ባሉት ማበጠሪያ መሰል ጥርሶች ላይ ዘሎ እዚያ ይገባና «ጠፋ» ይባላል።

በየሁለት ሳምንቱ አውጥተው በሞቀ የቧንቧ ውሃ ያለ ሳሙና ያጥቡት። ገንዳው ላይ እንዳለ አያራግፉት፤ የደረቀ ጨው ኮራል ላይ ሲወድቅ ሥጋውን ያቃጥለዋል።

ጥያቄ፦ መረብ ካደረግሁ በኋላ በቀን እስከ 6 ሊትር ውሃ ይጎድልብኛል። ክረምት ስለሆነ ነው? (ከዚያው ከሜሪላንድ)

መልስ፦ አዎን። በብርድ ወራት ማሞቂያ የሚያደርቀው የቤት አየር ውሃውን ይስባል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ ይቀራል። ድንጋዩ የያዘው ቦታ ከተቀነሰ በኋላ 250 ሊትር ውሃ አለ እንበል፤ ጨዋማነቱ በሺህ 35 ከሆነ በአንድ ቀን ወደ 35.9 ይጠጋል፣ ለአራት ቀን ከረሱት 38.7 ይደርሳል። ይህ ኮራልን ያስጨንቃል። የጎደለውን በየቀኑ በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ይሙሉ፤ በጨው ውሃ መሙላት ነገሩን ያባብሰዋል። መንገደኛ ከሆኑ አውቶማቲክ መሙያ ይግዙ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። 200 ሊትር ገንዳዬ በመስታወት የተከደነ ነው፤ ውሃው ከ29 ዲግሪ አልወርድ አለኝ። ቺለር (የውሃ ማቀዝቀዣ) ልግዛ?

መልስ፦ ከቺለሩ በፊት መስታወቱን ያንሱት። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ወደ 0.67 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይወጣል፤ መስታወቱ የዘጋብዎት ይህን መንገድ ነው። በመረብ ይተኩትና ትንሽ ማራገቢያ በውሃው ላይ አግድም ይንፈስ። ኤሲ ያለበት ክፍል አየሩ ደረቅ ስለሆነ በደንብ ይሠራል፤ ኤሲ ቢጠፋና የባሕሩ እርጥበት ቢገባ ግን ማራገቢያው ጉልበት ያጣል። ከዚህ በኋላም 27 ላይ ካልወረደ ያኔ ቺለር ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ ከፕሌክሲግላስ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ) ያስቆረጥሁት ክዳን በሁለት ሳምንት ጠርዙ ወደ ላይ ተቆለመመ። ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው?

መልስ፦ ጥራቱ አይደለም። ከታች እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ከላይ በመብራቱ ይደርቃል፤ ስለዚህ ይጎብጣል። ቢገለብጡት ይቃናል፣ ከዚያም በሌላው በኩል ይጎብጣል። ግልጽ ክዳን የግድ ከሆነ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ሌላ ግልጽ ፕላስቲክ እርጥበት የሚጠጣው ያነሰ ነው፤ ስስ የሆነው ግን በራሱ ክብደት ስለሚረግብ 6 ሚሊሜትሩን ይምረጡ።