መልስ፦ ከ11 ዓመት በኋላ ወደ በረራ መመለስ

ወንድሜ፣ "ውጭ አገር ሴስና 172 (ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን) አበርር ነበር፤ 11 ዓመት አቋርጬ ጅማ ገብቻለሁ፣ ከየት ልጀምር?" ላልከው፦ ከሐኪም ጀምር። ለግል አብራሪ የሚጠየቀው የሁለተኛ ክፍል (ክላስ 2) የሕክምና ማስረጃ ነው፤ እሱን ሳትይዝ ለበረራ ሰዓት ብር አታፍስስ። የፈቃዱን ነገር ሲቪል አቪዬሽን ጠይቅ።

እኔ ከ8 ዓመት በኋላ ስመለስ እጄ አልረሳም፤ የረሳው ምላሴ ነው፤ ሬዲዮ ላይ ተንተባተብኩ። ከዚያ ቼክሊስቱን (በበረራ ጊዜ በተራ የሚነበበውን የፍተሻ ዝርዝር) ቤት ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ መለማመድ ያዝኩ (ባለቤቴ አበድክ እንዴ አለችኝ)።

የለመድከው ቆላ ከሆነ ግን ዋናው ጉዳይ ከፍታው ነው። ጅማ ማረፊያው ከ1600 ሜትር በላይ ነው፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ 2400 ሜትር ላይ ያለህ ያህል ይሳሳል። ለመነሳት ረጅም ማኮብኮቢያ ትበላለህ፣ ሞተሩም ይደክማል። ስታርፍ ደግሞ የፍጥነት መለኪያው የለመድከውን ቁጥር እያሳየህ መሬቱ ከሥርህ ፈጥኖ ይሮጣል፤ ዓይንህን አምነህ ፍጥነት ከቀነስክ ስቶል ውስጥ ትገባለህ፤ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል። መለኪያውን እመን።

ሰው ለመጫን በብዙ አገር ባለፉት 90 ቀናት 3 ጊዜ ተነስቶ ማረፍ ይበቃል። ለእኔ ትንሽ ነው፤ ልጄን የጫንኩት ከአሠልጣኝ ጋር ደጋግሜ ካረፍኩ በኋላ ነው።