«ይሄ የጣሊያን ምግብ ነው እንዴ?» ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ ባስ ውስጥ አነበብኩት። ሮም ስምንት ዓመት ኖረሽ አሁን ኒው ጀርሲ አንድ የጣሊያን ሬስቶራንት ኪችን ገብተሻል። አልፍሬዶ የሚሉት ፓስታ ላይ ክሬም አፍስሺ፣ ዶሮ ጨምሪ፣ ነጭ ሽንኩርት አብዢ ይሉሻል። «ይሄ የጣሊያን ምግብ ነው እንዴ? ልንገራቸው ወይስ ዝም ብዬ ልሥራ?» ብለሻል። ከሥር የመጡልሽን መልሶች አየኋቸው። ግማሹ «አሜሪካኖች ምን ያውቃሉ» ይላል። ግማሹ «ደሞዝሽን ተቀበይና ዝም በይ» ይላል። ሁለቱም አልተዋጡልኝም።

እኔም ባንቺው መንገድ ነው የመጣሁት። ሮም ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፤ እዚህ ጀርሲ ደግሞ አሥራ አንደኛዬን ይዣለሁ። ስለዚህ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

መልሱን ላስቀድምልሽ። አትንገሪያቸው። ቢያንስ ለጥቂት ወራት። ይህን የምልሽ እኔ ነግሬ አፍሬ ስለማውቅ ነው።

ሮም የገባሁት እንደ ብዙዎቻችን በባዳንቴነት፣ ማለትም በአዛውንት ጠባቂነት ነበር። የምጠብቃቸው ሲኞራ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ናፖሊ አጠገብ ካዘርታ ገጠር ተወልደው ያደጉ ሴት ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ፓስታ ልሥራላቸው ብዬ ተነሳሁ። ፓስታ ደግሞ ማን ያስተምረኛል! አዲስ አበባ ተወልጄ በፓስታ በስጎ ነው ያደግሁት። እናቴ እንደምታደርገው እስኪልም ቀቀልኩት። አጥልዬ ቧንቧ ከፈትኩና በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩት። እንዳይያያዝ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ሲኞራ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል ለካ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ልብስ ነው እንዴ የምታጥቢው?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪዬ ሆኑ። የፓስታ ውሃ እንደማይደፋ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ሌላ የሚያነብ ካለ ብዬ ነው፦ ከፓስታው የሚወጣው ስታርች ውሃው ውስጥ ይቀራል። አንድ ጭልፋ ወስደሽ መጥበሻው ላይ ፓስታውንና ስጎውን አብረሽ ስታማስዪ፣ ስጎው ፓስታው ላይ ይያዛል። ሲታጠብ ግን ስጎው ወደ ሳህኑ ሥር ይወርዳል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሳህን ሥር ስጎ በዳቦ ስጠርግ ነው የኖርኩት።

እሑድ እሑድ ራጉ እንሠራለን። የበሬ ሥጋ በትልልቁ፣ የአሳማ ጎድን፣ የተጠቀለለ ሥጋ፣ ሁሉም ቲማቲም ውስጥ ይገባል። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በፊት ተጥዶ እስከ ምሳ ነው። መፍላት የለበትም። አልፎ አልፎ አንዲት አረፋ ብቅ ብላ እንድትፈነዳ ብቻ ነው የሚፈለገው። ናፖሊዎች ለዚህ የራሳቸው ቃል አላቸው፣ «ፒፒያሬ» ይሉታል። እኛ መንተክተክ የምንለው ነው። ከዚያ ሥጋው ይወጣና ስጎው ብቻውን ዚቲ የሚባለው ቱቦ መሳይ ፓስታ ላይ ይደረጋል። ሥጋው ቀጥሎ በሌላ ሳህን ይመጣል። አንድ ቀን ቸኩዬ ሁለቱን በአንድ ሳህን ባቀርብላቸው «ፓስታና ሥጋ አንድ ላይ የሚበላው የተራበ ሰው ነው» አሉኝ። ይቺን ቃል ያዢልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሲኞራ ሲያርፉ ቴስታቾ የሚባለው የሮም ሰፈር አንድ ትራቶሪያ (ቀለል ያለ ምግብ ቤት) ኪችን ገባሁ። እዚያ የተማርኩትን አልዘረዝርም፣ አንቺም አይተሽዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ካርቦናራ የሚሉት ፓስታ ውስጥ የሚገባው ጓንቻሌ የአሳማ ጉንጭ ስለሆነ፣ ስድስት ዓመት ሠርቼው አንድ ቀን አፌ ላይ አላደረግሁም። በመዓዛው ነበር የማውቀው። የሚቀምስልኝ ሳህን አጣቢው ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ኩራት ነው ጀርሲ የመጣሁት። የገባሁበት ቦታ የድሮ የቤተሰብ ሬስቶራንት ነው። በሦስተኛው ቀን ሼፉ አልፍሬዶ ላይ ክሬም አፍስሺ ሲለኝ «ጣሊያን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አልኩ። ጮክ ብዬ፣ ያውም በጣሊያንኛ። የባለቤቱ እናት ጥግ ላይ ተቀምጠው ፋሶሊያ እየቀነጠቡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ምንም አላሉም። ትንሽ ቆይተው «ያንን ሪጎት አቀብይኝ» አሉ። ለስላሳውን አይብ ማለታቸው ነው። «ሪኮታ ነው የሚባለው» አልኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አፌ አመለጠኝ።

ኪችኑ ጸጥ አለ። እሳቸው «እናቴ ሪጎት ነው የምትለው። ከኔ ጋር ሳይሆን ከእናቴ ጋር ነው የተጣላሽው» አሉኝ።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አልጋ ላይ ሆኜ ትዝ ያለኝ የሮሟ ሲኞራ ናቸው። ከእህታቸው ጋር ስልክ ሲያወሩ የቃሉን መጨረሻ ይውጡት ነበር። እሳቸውም «ሪኮት» ነበር የሚሉት! እኛ የተማርነው ጣሊያንኛ የትምህርት ቤትና የቴሌቪዥን ነው። የጀርሲ ሰዎች አያቶች የመጡት ያ ጣሊያንኛ ገና ገጠር ሳይደርስ ነው። ካፒኮሎን (የደረቀ የአሳማ ሥጋ ነው) «ጋባጉል»፣ ሞዛሬላ አይብን «ሙትዛዴል» ሲሉ ብትሰሚ አትሳቂ። ከተሳፈሩበት ቀን ይዘውት የመጡት የመንደራቸው አነጋገር ነው። ናፖሊ ራሷ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጣለች፣ እነሱ ግን እንደያዙት አሉ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።) ጣሊያን አንድ አገር የሆነችው በ1861 ነው። ከ1880 እስከ 1920 ድረስ ከ4 ሚሊዮን በላይ ጣሊያኖች አሜሪካ ገቡ። አብዛኞቹ የደቡብ ሰዎች ናቸው፦ ከካምፓኒያ፣ ከካላብሪያ፣ ከሲሲሊ። ከመርከብ ሲወርዱ ራሳቸውን የሚያውቁት በመንደራቸው ነው። ኒው ዮርክ ላይ እንኳ ሲሲሊዎቹ ኤልዛቤት ጎዳና፣ ናፖሊዎቹ መልበሪ ጎዳና ሰፈሩ። አንዱ የሌላውን ምግብ ያየው እዚያ ነው። «የጣሊያን ምግብ» የሚባለው አንድ ነገር እዚህ ስደት ላይ ተቦካ ብል አላጋነንኩም።

እነዚህ ሰዎች አገራቸው እያሉ የሚበሉት እኔና አንቺ ሮም የለመድነውን አልነበረም። ጥቁር ዳቦ፣ ባቄላ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ሽንኩርት። ሥጋ ለፋሲካና ለገና ነው። ለብዙው ድሃ የስንዴ ፓስታ ራሱ የበዓል ምግብ ነበር። አሜሪካ መጥተው ባቡር ሐዲድ ዘረጉ፣ ሕንጻ ሠሩ፣ ፋብሪካ ገቡ። ብዙዎቹ ወንዶች ብቻቸውን ነው የመጡት፣ እና ቤት ያላት ሴት አልጋ ታከራያቸዋለች፣ ታበስልላቸዋለች። አስቢው፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ምድጃ፣ ከሥራ የመጡ ስድስት ሰባት ወንዶች። ሥጋው ደግሞ በደሞዝ የሚገዛ ሆኗል። ጣሊያን ውስጥ ፖልፔቴ፣ የተድበለበለው የተፈጨ ሥጋ፣ ትንሽ ነው፣ ዳቦ ይበዛበታል፣ ለብቻውም ይበላል። እዚህ አደገና ስፓጌቲው ላይ ወጣ። (ቴራሞ ውስጥ በሽምብራ ልክ የተድበለበለ ሥጋ ፓስታ ላይ አለ፣ እንዳትከራከሪኝ።) ሲኞራ የተራበ ሰው ነው ያሉት እውነት ነው። ሰውየው ተርቦ ነው የመጣው።

በቲማቲም ስጎና በአይብ የሚሠራው የዶሮ ፓርሚጃና ታሪክም ይኸው ነው። ደቡብ ላይ በደበርጃን ይሠራ የነበረው እዚህ መጀመሪያ በጥጃ፣ ኋላ በዶሮ ሆነ።

አልፍሬዶ ግን ሌላ ነው። እሱ የረሃብ ልጅ አይደለም፣ የሆሊውድ ነው። አልፍሬዶ ዲ ሌሊዮ የሚባል የሮም ሰው እንደሚተረከው በ1908 ሚስቱ ወልዳ ምግብ አልበላ ሲላት፣ ፌቱቺኒ በብዙ ቅቤና በብዙ ፓርሚጃኖ አይብ ሠራላት። እኛ ለአራስ ገንፎ እንደምናገነፋው በይው። በ1920 ሜሪ ፒክፎርድና ዳግላስ ፌርባንክስ፣ የዘመኑ የፊልም ኮከቦች፣ ለጫጉላ ሮም ሲሄዱ እሱ ዘንድ በሉ፣ ወሬውም አሜሪካ ገባ። ክሬሙ የተጨመረው እዚህ ነው። ለምን እንደሆነ ኪችን ቆመሽ በሳምንት ውስጥ ትረጂዋለሽ። የቅቤና የፓርሚጃኖው ስጎ ዕድሜው አምስት ደቂቃ ነው፣ ወዲያው ይጠነክራል፣ ቅቤውም ይለያል። አርብ ማታ አርባ ሳህን ሲወጣ፣ ግማሹ ደግሞ በካርቶን ታሽጎ ወደ ሰው ቤት ሲሄድ፣ ክሬም ካልያዘው ምን ይይዘዋል? ሰውየው ቤቱ ደርሶ የሚከፍተው ድንጋይ ነው።

ደግሞ «እውነተኛው» የምንለውን ነገር ብዙ አትመኪበት። ያ ስድስት ዓመት ያልቀመስኩት ካርቦናራ፣ ሮማውያን ክሬም ጨመርክበት ብለው የሚጣሉበት፣ ከታወቁት አሠራሮቹ የመጀመሪያው የታተመው በ1952 ቺካጎ ውስጥ፣ በአንድ የሬስቶራንቶች መመሪያ ላይ ነው። ጣሊያን ውስጥ በ1954 አንድ የምግብ መጽሔት ላይ ሲወጣ የስዊሶቹ ግሩየር አይብና ነጭ ሽንኩርት ነበረበት። ግሩየር! ቴስታቾ ሄደሽ ይህን ብትናገሪ በጭልፋ ያባርሩሻል።

የሄዱበት ሁሉ እንዲሁ ነው የሆነው። አርጀንቲና በየወሩ በ29ኛው ቀን ኞኪ (ከድንች የሚድበለበል ፓስታ) ይበላል፣ ደሞዝ ሊወጣ ሲል ኪስ ባዶ የሚሆንበት ቀን ስለሆነ፣ ከሳህኑም ሥር ገንዘብ ያስቀምጣሉ። ቦነስ አይረስ ፒዛውን ከሽምብራ ዱቄት ቂጣ ጋር ደርበው ይበሉታል። ቂጣው የጄኖቫ ነው፣ መደረቡ የራሳቸው። ጀርመን የኖራችሁ ደግሞ አይስክሬም ቤቶቹን ታውቋቸዋላችሁ። ብዙዎቹን የከፈቱት ከዶሎሚቲ ተራሮች፣ ከካዶሬና ከዞልዶ ሸለቆ የወረዱ ሰዎች ናቸው። ስፓጌቲ የሚመስለውን አይስክሬም በ1969 ማንሃይም ላይ የሠራው ዳሪዮ ፎንታኔላም የጣሊያን አይስክሬም ሠሪ ልጅ ነው። ወደ እኛ የመጣው ደግሞ በጠመንጃ ነው፣ እሱን ለየት አድርጌ ነው የማየው። ግን ስጎ፣ ፎርማጆ፣ ላዛኛ፣ ማኪያቶ ብለን አስቀርተናል። ሲኞራን አንድ ቀን በርበሬ ጣል ያደረግሁበት ስጎ ሠርቼ አበላኋቸው። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጡና «ይሄ የኛ አይደለም፣ ግን ዘመዳችን ነው» አሉ።

አሁን ደግሞ ዙሪያሽን እይ። ሮም ስሠራ ከጎኔ ካቾ ኤ ፔፔ (የአይብና የቁንዶ በርበሬ ፓስታ) የሚያማስለው የባንግላዴሽ ልጅ ነበር፣ ፒዛውን የሚዘረጋው ግብፃዊ። እዚህ ከጎኔ የሚያበስሉት ከሜክሲኮና ከኢኳዶር የመጡ ናቸው። ምድጃው ላይ እኔ። የባለቤቱ ልጆች አንዱ ጠበቃ፣ አንዷ ነርስ ናቸው። የባለቤቱን እናት የእሑድ ድስት ዛሬ የምጥደው እኔ ነኝ። እዚህ ስሙ ራጉ ሳይሆን «ግሬቪ» ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የጣድኩ ቀን ክዳኑን ስከፍት ሽታው የካዘርታው ነበር። ልዩነቱ ሥጋው ፓስታው ላይ መውጣቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ምሳሌ ሆኖ ይጠቅምሽ እንደሆነ እኔ ያደረግሁትን ነው የምነግርሽ። የሚሉሽን ሥሪ። እግረ መንገድሽን የቤቱን ትልቅ ሰው ፈልጊና «እናትዎ እንዴት ነበር የሚሠሩት?» ብለሽ ጠይቂ። «ትክክለኛው የቱ ነው?» አትበይ። ከአገልግሎት በፊት ሠራተኛው አብሮ ሲበላ ተራ ሲደርስሽ የሮሙን ሥሪላቸው፣ ምንም ሳትሰብኪ። እኔ ካቾ ኤ ፔፔ ሠራሁ። በሦስተኛው ጊዜ ሼፉ ራሱ ሐሙስ ሐሙስ እንሽጠው አለ፣ አሁን ሜኑው ላይ አለ። ገና ዋዜማ ላይ ሰባት ዓይነት ዓሣ ይበላል ሲሉሽም «ሮም ሰባት ብሎ የቆጠረ የለም» አትበይ። መነሻው ያው በዋዜማው ከሥጋ መጾም ነው፣ እኛ ለጾም ባዕዳን አይደለንም። የፓስታ ውሃውን ግን እንዳያስደፉሽ፣ እዚያ ላይ ተከራከሪ።

ነጭ ሽንኩርቱን በተመለከተ እኔም ይበዛብኛል፣ ግን ተሸንፌያለሁ። አልፍሬዶው ላይ የሚወጣውን ዶሮ ከሰዓት ጠብሰሽ አታስቀምጪው። ይደርቃል። በየትዕዛዙ ጥበሺው፣ ሁለት ደቂቃ አርፎ ይቆረጥ፣ ጭማቂውን ክሬሙ ውስጥ ጨምሪው።